ፋየር ስቲክና ቲቪ ቦክስን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ፦ ከዝግጅቱ እስከ ዳግም ማስነሣቱ

ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ስቲክ ወይም ቦክስ ሲንቀራፈፍ፣ አፖቹ በራሳቸው ሲዘጉ ወይም አርማው ላይ ቆሞ ሲቀር ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ፋብሪካ ሪሴት ነው። ሪሴቱ ራሱ ሁለት ቁልፍ የመጫን ሥራ ነው። ሰው የሚሰናከለው ከዚያ በፊትና በኋላ ነው፦ ፓስወርዱ በማይታወቅ አካውንት፣ መሀል ላይ በሚጠፋ መብራት፣ አቅም በሌለው ቻርጀር፣ ከሪሴት በኋላ አልገናኝ በሚል ሪሞት። ስለዚህ እዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን። እባክዎ አይዝለሉት።

ዋናው ማብራሪያ በአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ ላይ ነው፤ ከውጭ በዘመድ በኩል ለሚመጣውም፣ ውጭ አገር ለሚኖረውም ቤተሰብ የተለመደ መሣሪያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የተደበቀ የሪሴት ቁልፍ ስላላቸው ርካሽ አንድሮይድ ቦክሶች፣ ከዚያ ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠሩት ሁለት መሣሪያዎች፣ ሮኩና ክሮምካስት፣ ባጭሩ እናያለን። የሜኑዎቹን ስሞች ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት በድምፃቸው ጽፈናቸዋል።

ሪሴት ምን ያጠፋል፣ ምን አያጠፋም?

የሚጠፋው፦ አካውንቱ፣ የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ፣ የጫኗቸው አፖች በሙሉ፣ በየአፑ የገባው የይለፍ መረጃ፣ የአይፒቲቪ (በኢንተርኔት የሚታይ ቴሌቪዥን) ሊንክና የቻናል ዝርዝር፣ የምስልና የድምፅ ማስተካከያ።

የማይጠፋው፦ የሲስተሙ ሶፍትዌር። ሪሴት የእርስዎን መረጃ ይጠርጋል እንጂ መሣሪያው ሲገዛ ወደነበረው የሶፍትዌር ስሪት አይመልስም። አዲስ አፕዴት ያመጣውን ችግር ለማጥፋት ብለው ሪሴት ቢያደርጉ አፕዴቱ እዚያው ነው የሚጠብቅዎት። ወርሃዊ ክፍያዎችም አይቋረጡም። ክፍያው የተያያዘው ከአካውንቱ ጋር ስለሆነ ማቋረጥ ያለብዎ አካውንቱ ውስጥ ገብተው ነው።

መጀመሪያ እነዚህን አራት ነገሮች ይሞክሩ

ሪሴት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ይበቃል።

1. እንደገና ያስነሡት። በሪሞቱ ላይ መሀለኛውን የመምረጫ ቁልፍና የማጫወቻ/ማቆሚያ ቁልፉን አንድ ላይ ተጭነው ስክሪኑ እስኪጠፋ ይያዙ፤ 5 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ሪሞቱ ካልሠራ ቻርጀሩን ከግድግዳው ሶኬት ነቅለው 1 ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ይሰኩ። ከስቲኩ በኩል ብቻ ነቅሎ ወዲያው መሰካት በቂ አይደለም።

2. ማከማቻውን ያራግፉ። አብዛኞቹ ፋየር ስቲኮች 8 ጊጋባይት ብቻ ናቸው፣ ከፊሉንም ሲስተሙ ራሱ ይይዘዋል። መንቀራፈፍና አፕ በራሱ መዘጋት በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። «ሴቲንግስ > አፕሊኬሽንስ > ማኔጅ ኢንስቶልድ አፕሊኬሽንስ» ይግቡ፤ ከባዱን አፕ መርጠው «ክሊር ካሽ» ይበሉ (የአፑን ጊዜያዊ ፋይሎች ብቻ ያጠፋል)። የማይጠቀሙባቸውን ደግሞ «አንኢንስቶል» ያድርጉ። «ክሊር ዳታ» ግን የዚያን አፕ የይለፍ መረጃ ጭምር እንደሚያጠፋ ያስታውሱ።

3. ቻርጀሩን ይመርምሩ። ስቲኩ ኃይል የሚያገኘው ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ቀዳዳ ከሆነ ችግሩ ይኸው ሊሆን ይችላል። የቴሌቪዥን ዩኤስቢ ብዙውን ጊዜ 0.5 አምፔር ብቻ ይሰጣል፤ ስቲኩ ግን ቢያንስ 5 ቮልት 1 አምፔር ይፈልጋል። በራሱ እየጠፋ የሚበራ፣ አርማው ላይ የሚመላለስ ስቲክ ብዙ ጊዜ የተራበ ስቲክ ነው። በራሱ ቻርጀርና በራሱ ገመድ ግድግዳ ላይ ይሰኩት። ገመዱ ራሱ ያረጀ ከሆነ ሌላ ይሞክሩ።

4. ኢንተርኔቱን ይለዩ። «ሴቲንግስ > ኔትወርክ» ይግቡ፣ በዋይፋይዎ ስም ላይ ቆመው የማጫወቻ ቁልፉን ይጫኑ፤ የግንኙነቱን ሁኔታ ያሳይዎታል። ዋይፋዩ ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለ ጉዳዩ የራውተሩ ወይም የጥቅሉ ነው። በዚህ ሁኔታ ሪሴት ማድረግ ያባብሰዋል፤ ያለ ኢንተርኔት መልሰው ሊያስነሡት አይችሉምና።

ዝግጅት

*ዝግጅት 1፦ አካውንቱ የማን ነው?*

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ፋየር ስቲክ ከሪሴት በኋላ ያለ አማዞን አካውንት አይከፈትም፤ ይህን ደረጃ መዝለያ ቁልፍ የለውም። ዋሽንግተን ያለ ወንድም ወይም ዱባይ ያለች አክስት ገዝተው፣ በራሳቸው አካውንት አስተካክለው የላኩት ስቲክ ከሆነ፣ ከሪሴት በኋላ በዚያው አካውንት ለመቀጠል የእነሱን ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠየቃሉ። ፓስወርዱን ቢያውቁት እንኳ አማዞን በአዲስ ቦታ ሲገባበት ወደ ባለቤቱ ስልክ ወይም ኢሜይል የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ስለዚህ፦

- አካውንቱ በየትኛው ኢሜይል እንደሆነ አሁኑኑ ያጣሩ፤ «ሴቲንግስ > አካውንት ኤንድ ፕሮፋይል ሴቲንግስ» ውስጥ የባለቤቱን ስም ያገኛሉ።
- በስልክዎ ብራውዘር ወደ አማዞን ድረ ገጽ ገብተው ፓስወርዱ እንደሚሠራ ይሞክሩ። «አውቀዋለሁ» ማለት አይበቃም።
- የሌላ ሰው አካውንት ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ሰዓት ይያዙ። በአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲጀምሩ ዋሽንግተን በበጋቸው ወቅት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩን የሚያነብልዎ ሰው ተኝቷል። እኛ ማታ 2 ሰዓት ስንል እነሱ ዘንድ ገና ቀትር አካባቢ ስለሆነ እሱ ይሻላል። ሳዑዲ ላለ ሰው ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ኤምሬቶች በ1 ሰዓት ይቀድሙናል።
- ከዚያም የሚሻለው፣ በራስዎ ኢሜይል ነፃ የአማዞን አካውንት ከፍተው ከሪሴት በኋላ በእሱ መግባት ነው። በዘመድዎ አካውንት የተገዙ አፖችና ክፍያዎች ግን ወደ እርስዎ አካውንት አይተላለፉም።

የወላጅ ቁጥጥር ፒን የተደረገበት ከሆነም ፒኑን አስቀድመው ያግኙ። የጠፋ ፒን በአካውንቱ በኩል ይቀየራል፤ ስለዚህ እዚህም ቢሆን ቁልፉ አካውንቱ ነው።

*ዝግጅት 2፦ ሪሞቱ በእጅዎ አለ?*

ሪሞቱ የጠፋ ወይም የተሰበረ ከሆነ ሪሴት አያድርጉ። አሁን በስልክ አፕ እየተጠቀሙ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሚሠራው ግን ስልኩና ስቲኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ ስላሉ ነው። ሪሴት ዋይፋዩን ሲያስረሳው ስልክዎ ስቲኩን አያገኘውም። ሪሞት ገዝተው፣ አገናኝተው፣ መሥራቱን አይተው ከዚያ ይቀጥሉ።

ሪሞቱ ካለ አዲስ ባትሪ ያስገቡ። የደከመ ባትሪ ቁልፎቹን ለመጫን ቢበቃም አዲስ ግንኙነት ለመፍጠር ላይበቃ ይችላል፤ ከሪሴት በኋላ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

*ዝግጅት 3፦ መብራት*

ሪሴት እየተካሄደ ኃይል ከተቋረጠ ሲስተሙ ሊበላሽና ስቲኩ አርማው ላይ ሊቀር ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህን በዕድል አይተውት። ቀላሉ መላ ፓወር ባንክ ነው፦ መውጫው 5 ቮልት ሆኖ 1 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ሙሉ የተሞላ ፓወር ባንክ ላይ ስቲኩን ይሰኩና ሪሴቱን ያድርጉ። መብራት ቢጠፋ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ ስቲኩ ሥራውን ይጨርሳል። ራውተሩ ግን አብሮ እንደሚጠፋ አይርሱ።

ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከሆነ ጀርባው ላይ «ኢንፑት 100-240» የሚል መኖሩን ያንብቡ። ካለ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ቮልት ላይ ፈጽሞ አይሰኩት፤ ሌላ ባለ 5 ቮልት ቻርጀር ይጠቀሙ።

*ዝግጅት 4፦ ዋይፋይና ዳታ*

የዋይፋይ ፓስወርዱን በትልቁና በትንሹ ፊደል ለይተው በወረቀት ይጻፉ። ከሪሴት በኋላ ስቲኩ አፕዴት ያወርዳል፤ ይህ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፣ ከዚያ አፖቹ አሉ። በስልክ ሆትስፖት የሚያስነሡት ከሆነ በቂ ጥቅል ይግዙ። የሆትስፖቱን ስም በላቲን ፊደል አጭር ያድርጉት፣ ባንዱንም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያስቀምጡት።

*ዝግጅት 5፦ የሚጠፋውን ይመዝግቡ*

የአፖቹን ዝርዝር በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከመደበኛው የአፕ መደብር ውጭ የጫኗቸው አፖች በአካውንት አይመለሱም፤ ፋይሉን ከየት እንዳገኙት ይጻፉ። የቴሌቪዥን ቻናል በሊንክ የሚያስገቡ ከሆነ ሊንኩን፣ የተጠቃሚ ስሙንና ፓስወርዱን፣ እንዲሁም አፑ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን የመሣሪያ ቁጥር ይቅዱ። በአንዳንድ አፖች ይህ ቁጥር ከሪሴት በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ አገልግሎቱን የሸጠልዎት ሰው አዲሱን ቁጥር መመዝገብ አለበት። የድሮው ቁጥር በእጅዎ ከሌለ የቱን ምዝገባ እንደሚያዛውር አያውቅም።

ሪሴቱ

*መንገድ ሀ፦ ስክሪኑ የሚሠራ ከሆነ*

1. «ሴቲንግስ» ይክፈቱ።
2. ወደ ቀኝ ሄደው «ማይ ፋየር ቲቪ» የሚለውን ይምረጡ። በአንዳንድ ስቲኮች ላይ «ዲቫይስ» ወይም «ዲቫይስ ኤንድ ሶፍትዌር» ይባላል።
3. ወደ ታች ወርደው «ሪሴት ቱ ፋክተሪ ዲፎልትስ» ይጫኑ።
4. ፒን ከጠየቀ ያስገቡ።
5. «ሪሴት» የሚለውን ይምረጡ።

*መንገድ ለ፦ ሜኑው የማይከፈት ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ*

1. ቴሌቪዥኑን ስቲኩ በተሰካበት ኤችዲኤምአይ ቁጥር ላይ ያድርጉ።
2. በሪሞቱ ላይ የመመለሻውን ቁልፍና የአቅጣጫ መምረጫውን ክብ የቀኝ ጎን አንድ ላይ ይጫኑ።
3. ሳይለቁ 10 ሰከንድ ይያዙ።
4. የሪሴት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ለመቀጠል ይምረጡ።

ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ ምንም ባይነኩ መሣሪያው በራሱ ይቀጥላል። ሐሳብዎን ከቀየሩ ዝም ብለው አይጠብቁ፤ የመሰረዣውን ምርጫ ወዲያው ይጫኑ። ትንንሽ ልጆች ሪሞት በሚጫወቱበት ቤት ስቲኩ በድንገት ባዶ ሆኖ የሚገኘውም በዚህ የቁልፍ ጥምረት ሊሆን ይችላል።

*እየተሠራ ሳለ*

ስክሪኑ ይጨልማል፣ አርማው ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ መቆየቱ ጤነኛ ነው። በዚህ ጊዜ ገመድ አይንኩ፣ የቴሌቪዥኑን ግብዓት አይቀያይሩ፣ ሪሞት አይጫኑ። መሀል ላይ ትዕግሥት አጥቶ የሚነቅል ሰው ስቲኩን ሊያበላሸው ይችላል። 30 ደቂቃ ሙሉ ሳይሞላ ተበላሸ አይበሉ።

ዳግም ማስነሣት

1. ሪሞት ፍለጋ የሚል ስክሪን ሲመጣ ወደ ስቲኩ ቀርበው «ሆም» ቁልፉን (የቤት ምልክት ያለበትን) 10 ሰከንድ ይያዙ።
2. ቋንቋ ይምረጡ። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አብዛኞቹ መመሪያዎች የሚጻፉት በእሱ ነውና ኋላ መንገድ አይጠፋብዎትም።
3. ዋይፋዩን መርጠው ፓስወርዱን በጥንቃቄ ያስገቡ።
4. አፕዴት ሲያወርድ ይጠብቁ። መቶኛው አንድ ቦታ ቆሞ ሊቆይ ይችላል፤ ራውተሩ እየሠራ እስከሆነ ድረስ አይንቀሉት።
5. አካውንት ሲጠይቅ ስክሪኑ ላይ አድራሻና ኮድ ያሳያል። በስልክዎ ብራውዘር አድራሻውን ይክፈቱ፣ በአካውንቱ ይግቡ፣ ኮዱን ይጻፉ። በሪሞት ፊደል እየለቀሙ ከመጻፍ ይህ በጣም ይቀላል። የዘመድ አካውንት ከሆነም መላው ይኸው ነው፦ ኮዱን ፎቶ አንሥተው ይላኩለት፣ እሱ ባለበት አገር በራሱ ስልክ ያስገባዋል፤ ፓስወርዱን ለማንም መስጠት አያስፈልገውም። ኮዱ ጊዜው ካለፈ አዲስ ያስወጡና ይላኩ።
6. የቀድሞ አፖችን ልመልስ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ይበሉት። ሪሴት ያደረጉት ስቲኩ ስለከበደው ከሆነ ያንኑ ሸክም መልሶ መጫን ሥራን ከንቱ ማድረግ ነው። የሚፈልጓቸውን አንድ በአንድ ይጫኑ።
7. የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለማስተካከል ሪሞቱን ሲያስተዋውቅዎ ይከተሉት፤ ካልተሳካ ዝለሉት፣ በኋላ ከሴቲንግስ ይደረጋል።

አንድ ደረጃ ሲከሽፍ

*ሪሞቱ አልገናኝ አለ።* በድምፅ የሚታዘዘው ሪሞት ራሱ ሪሴት ያስፈልገዋል። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፦

1. ስቲኩን ከኃይል ነቅለው 1 ደቂቃ ይጠብቁ።
2. በሪሞቱ ላይ የክቡን የግራ ጎን፣ የሜኑ ቁልፉን (ሦስት መስመር) እና የመመለሻ ቁልፉን ሦስቱንም አንድ ላይ 12 ሰከንድ ይያዙ።
3. ለቀው 5 ሰከንድ ይጠብቁና ባትሪዎቹን ያውጡ።
4. ስቲኩን ይሰኩ፣ 1 ደቂቃ ይጠብቁ።
5. ባትሪዎቹን መልሰው «ሆም» ይጫኑ። ካልተገናኘ «ሆም»ን 10 ሰከንድ ይያዙ።

አሁንም እምቢ ካለ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይሞክሩ። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግስ ውስጥ ሳምሰንግ «አኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» የሚሉትን ያብሩ፤ ይህ ሲበራ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ቀስቶቹና ኦኬ ቁልፉ ስቲኩን ያዛሉ።

*ዋይፋዩ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።* ስልክዎ ያየዋል፣ ስቲኩ አያየውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መሣሪያዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የዋይፋይ ቻናል (ራውተሩ የሚያሰራጭበት መስመር) 12 እና 13ን ላያዩ ይችላሉ፤ ራውተርዎ ደግሞ በራሱ እነሱን መርጦ ሊሆን ይችላል። የራውተሩን ቻናል ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ይቀይሩና እንደገና ይፈልጉ። የራውተሩን ገጽ መክፈት ካልቻሉ በስልክ ሆትስፖት አስነሥተው ወደ ቤቱ ዋይፋይ በኋላ ይመለሱ።

*ዋይፋዩ አለ፣ ፓስወርዱን ግን አይቀበልም።* ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና ትንሿ «ኤል» ያረጋግጡ። ስቲኩ ከብረት ሳጥን ጀርባ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣብቆ ከሆነ አብሮት የመጣውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ይጠቀሙ፤ ከቴሌቪዥኑ ሲርቅ ምልክቱም ይሻላል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

*ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ስቲኩ ግን ሞቋል።* ኃይል አለው ማለት ነው፤ የጠፋው ምስሉ ነው። ሌላ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይሞክሩ። ካልሆነ የላይ ቀስቱንና ወደኋላ መመለሻውን (ሁለት ሦስት ማዕዘን ወደ ግራ) 10 ሰከንድ ይያዙ፤ ስቲኩ የምስል ጥራት መጠኖችን እየቀያየረ ያሳያል። ምስሉ ሲመጣ ያንን ይምረጡ። አሮጌ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

*አርማው ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ቆመ።* ከግድግዳው ነቅለው 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቻርጀሩንም ገመዱንም ሁለቱንም ቀይረው፣ ከማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከሶኬቱ ይሰኩ። ሜኑ ሳይመጣ መንገድ ለን ደጋግመው ይሞክሩ። በሌላ ቴሌቪዥንና በሌላ ቻርጀር ላይም እንደዚያው ከቀረ የውስጥ ማከማቻው ተጎድቷል፤ ከዚያ በኋላ በቤት የሚደረግ ነገር የለም።

የተደበቀ ቁልፍ ያላቸው አንድሮይድ ቦክሶች

ሲስተሙ የሚከፈት ከሆነ «ሴቲንግስ > ዲቫይስ ፕሪፈረንስስ» ይግቡ፤ «ሪሴት» ወይም «ፋክተሪ ሪሴት» እዚያው ወይም «አባውት» ውስጥ ይገኛል። ካልተከፈተ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ኃይሉን ይንቀሉ። ፍላሽም ሚሞሪ ካርድም ካለ ያውጡ።
2. የኤችዲኤምአይ ገመዱን እንደተሰካ ይተዉ፤ የዩኤስቢ ኪቦርድ ካለዎት ይሰኩ። በሚመጣው ሜኑ ላይ ሪሞቱ ላይሠራ ይችላልና።
3. «ኤቪ» የተጻፈበትን ክብ ቀዳዳ ያግኙ። በብዙዎቹ ላይ ሪሴቱ ከቀዳዳው ጥልቀት ውስጥ ነው፤ አንዳንዶቹ ከሥር በኩል ትንሽ ቀዳዳ አላቸው።
4. ስቴኪኒ አስገብተው ቀስ ብለው ይግፉ። ጠቅ ሲል ይሰማዎታል። መርፌ፣ ሽቦ ወይም ሌላ ብረት አይጠቀሙ፤ ውስጡን ሊያቃጥሉት ይችላሉ።
5. ቁልፉን እንደተጫኑ ሌላ ሰው ኃይሉን ይሰካልዎ። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይያዙ፤ የጽሑፍ ሜኑ ሲመጣ ይልቀቁ።
6. በመጀመሪያ «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን» የሚለውን ይምረጡና «ሪቡት ሲስተም ናው» ይበሉ። ይህ መረጃ አያጠፋም፣ አንዳንዴም ይበቃል።
7. ካልተለወጠ ተመልሰው «ዋይፕ ዳታ/ፋክተሪ ሪሴት» ይምረጡ፣ «የስ» ይበሉ፣ መጨረሱን ሲያሳውቅ «ሪቡት ሲስተም ናው» ይጫኑ።

«አፕላይ አፕዴት» በሚል የሚጀምሩትን አይንኩ። የሌላ ቦክስ ሶፍትዌር፣ ሣጥኑ ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ዋይፋዩን ሊያጠፋ ወይም ቦክሱን ጨርሶ ሊገድለው ይችላል።

ስክሪኑ ላይ «ፌይልድ ቱ ማውንት» የሚል መልእክት ደጋግሞ ከመጣ የማከማቻው ቺፕ እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ ደጋግሞ ሪሴት ማድረግ አያድነውም።

ከሪሴት በኋላ አካውንት አልገባም ካለ ቀኑን ይመልከቱ። ርካሽ ቦክሶች ብዙዎቹ የሰዓት ባትሪ የላቸውም፤ ከሪሴት በኋላ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል፣ በተሳሳተ ቀን ደግሞ የጉግል መግቢያና አብዛኛው አፕ አይሠራም። «ሴቲንግስ > ዴት ኤንድ ታይም» ገብተው ከኔትወርክ እንዲወስድ ያድርጉ።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። ስማቸው በማይታወቅ ርካሽ ቦክሶች ላይ ቫይረሱ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ተገኝቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በ2025 በፈረንጆች ሰኔ ወር «ባድቦክስ 2.0» በሚባለው የተበከሉ መሣሪያዎች መረብ ላይ ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። ሪሴት ሲስተሙን ስለማይነካ እንዲህ ያለውን አያጸዳም። ቦክሱ በራሱ ማስታወቂያ የሚከፍት፣ ያልጫኑትን አፕ የሚያመጣ፣ ከሪሴት በኋላም እንዲያው የሚቀጥል ከሆነ ከዋይፋይዎ ያውጡት፤ በእሱ ላይ የገቡበትን የኢሜይል ፓስወርድም በሌላ መሣሪያ ይቀይሩ።

ሮኩ

«ሴቲንግስ > ሲስተም > አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ > ፋክተሪ ሪሴት» ይግቡ፤ ስክሪኑ የሚያሳይዎትን ቁጥር መልሰው ይጻፉና ይቀጥሉ። ሜኑው ካልተከፈተ መሣሪያው በርቶ ሳለ የሪሴት ቁልፉን፣ ወይም በጠባብ ቀዳዳው በኩል፣ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጫኑ፤ መብራቱ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲል ይልቀቁ። ከዚያ ሲነሣ ኢሜይል ይጠይቅዎትና ማስጀመሪያ ሊንክ ይልክበታል፤ ስለዚህ በስልክዎ የሚከፈት ኢሜይል ይስጡት። ሪሴት ሳያደርጉ ማስነሣት ብቻ ከፈለጉ ሆም 5 ጊዜ፣ ላይ 1 ጊዜ፣ ወደኋላ 2 ጊዜ፣ ወደፊት 2 ጊዜ ይጫኑና ይጠብቁ።

ክሮምካስት

ጉግል ቲቪ ያለው ክሮምካስት ላይ «ሴቲንግስ > ሲስተም > አባውት > ፋክተሪ ሪሴት» ነው። ካልተከፈተ ኃይል ላይ እንደተሰካ የጀርባ ቁልፉን ይጫኑ፤ መብራቱ ቢጫ ብልጭ ማለቱን ትቶ ነጭ ሆኖ ሲረጋ ይልቀቁ። ሪሞቱን ለማገናኘት መመለሻውንና ሆምን አንድ ላይ ይያዙ።

ሪሞት የሌላቸው የድሮዎቹ ግን በስልክ ላይ ባለው የጉግል ሆም አፕ በኩል ወይም በራሳቸው ቁልፍ ሪሴት ይደረጋሉ። እነዚህን ከመንካትዎ በፊት ዜና ይፈትሹ። በፈረንጆች መጋቢት 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ መሥራት ሲያቆም ምክንያቱ ጊዜው ያለፈበት የደኅንነት ሰርቲፊኬት ነበር፤ ጉግል ራሱ ተጠቃሚዎቹን ሪሴት እንዳያደርጉ ጠይቋል። ቸኩለው ያደረጉት ሰዎች ማስተካከያው ሲመጣ መሣሪያቸውን መልሶ ማስነሣት ከሌላው ይበልጥ አስቸገራቸው። የእርስዎና የጎረቤትዎ በአንድ ቀን ከቆሙ ችግሩ ከእርስዎ ቤት አይደለም፤ ይጠብቁ።

ሊሸጡት ወይም ለሰው ሊሰጡት ከሆነ

1. መጀመሪያ አካውንቱን ያውጡ፦ በፋየር ስቲክ ላይ «ሴቲንግስ > አካውንት ኤንድ ፕሮፋይል ሴቲንግስ > አማዞን አካውንት > ዲሬጅስተር»።
2. ከዚያ በመንገድ ሀ ሪሴት ያድርጉ።
3. የቋንቋ መምረጫው ገጽ ሲመጣ እዚያው ላይ ያጥፉት፤ አዲሱ ባለቤት ከዚያ ይጀምራል።
4. በስልክዎ ወደ አማዞን ወይም ጉግል አካውንትዎ ገብተው ከመሣሪያዎች ዝርዝር መውጣቱን ያረጋግጡ።

ገዢ ከሆኑ ደግሞ ሻጩ አካውንቱን አውጥቶ ሪሴቱን እፊትዎ ያድርግ፣ በእርስዎ ሆትስፖትና በእርስዎ አካውንት እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አስነሥተው ይዩት፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ይክፈሉ። ጠፍቷል ተብሎ በባለቤቱ የተመዘገበ ስቲክ ሪሴቱን ቢያልፍም የአካውንት መግቢያው ላይ ይቆማል።